የፋቅሁት ገበያ

በነቀምቴ የምኖር የዩኒቨርሲቲ የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። ሥራዬ ስለ ወንዝና ስለ ተራራ ማስተማር ቢሆንም፣ በትርፍ ጊዜዬ ለብዙ ዓመታት የሰበሰብኩት ገበያ ነው። ገበያ እንዴት ይሰበሰባል የሚል ሰው የወለጋን ትንንሽ ከተሞች አያውቅም ማለት ነው። እዚህ ገበያ እንደ ዘበኛ ተራ አለው፤ አንዱ ሰኞ ይውላል፣ አንዱ ረቡዕ፣ ሌላው በሳምንት ሁለቴ ይውልና አንደኛው ቀን «ትንሹ ገበያ» እየተባለ ይናቃል። የትኛው ከተማ በየትኛው ቀን እንደሚውል፣ መኪናው ከየት እንደሚነሳ፣ ዝናብ ሲጥል ገበያው በስንት ሰዓት እንደሚበተን በአንድ ሰንጠረዥ አሰናድቼ በራሴ ድረ ገጽ ላይ አውጥቼው ነበር። ገጹ ማስታወቂያ የለውም፤ ፎቶግራፍም ውበትም የለውም። ትክክለኛ ነበር። ለእኔ ዓይነቷ ሴት ትክክለኛነት የውበት ምትክ ነው።

አንባቢ አልጠፋልኝም። ቆጣሪው እንደሚያሳየው፣ ከሁሉም የሚተጋው አንባቢዬ በየቀኑ ልክ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይመጣና ገጾቹን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዱንም ሳይዘል ያነብ ነበር። በማስተማር ዘመኔ ሁሉ እንዲህ ያለ አንባቢ አልገጠመኝም። ለማለዳ ጸሎት የሚነሳ፣ ምናልባት ጡረታ የወጣ፣ ከመንበርከኩ በፊት የገበያ ቀን የሚያጠና ሰው ይሆናል ብዬ ገምቼ ነበር። ለእሱ ስል ሁለት የፊደል ግድፈቶች አርሜያለሁ።

የሰንጠረዡ መነሻ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ ነው። የጥናቱ መነሻ ደግሞ፣ እውነቱ ከተነገረ፣ ጎረቤቴ ናት። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ልባሽ ጨርቅ እየያዘች ከገበያ ገበያ ስትዞር የኖረች ሴት ናት። በጥናቴ ጊዜ በአይሱዙ ጋቢና ውስጥ አብሬያት እየተጣበብኩ ብዙ መንገድ ሄጃለሁ። እሷ ታወራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ለምን እንደምጽፍ ጠይቃኝ አታውቅም፤ ልጻፈው ወይ ብዬም ጠይቄያት አላውቅም። በጥናቱ የምስጋና ገጽ ላይ «ለገበያ ሴቶች» የሚል አንድ መስመር አለ። በጊዜው ልግስና መስሎኝ ነበር።

በሰንጠረዡ ውስጥ ከጊዳ አያና መንገድ ገባ ብሎ የሚገኝ አንድ የሐሙስ ገበያ ነበር። ስሙን እዚህ የማልጽፈው ማን ከዚህ ጽሑፍ ላይ ቀድቶ የት እንደሚለጥፈው ስለማላውቅ ነው። ኦሮምኛም አማርኛም ተናጋሪው ገበሬ በርበሬውንና በቆሎውን ጎን ለጎን ዘርግቶ የሚውልበት፣ ጎረቤቴም የልጆች ልብስ ከየትም ይልቅ የሚያልቅላት እዚያ ነበር። ኋላ ግን እኛ ስሙን ሳንጠራ «ሁኔታው» የምንለው ነገር መጣ። መንገዱ አንድ ሳምንት ተከፈተ፣ አንድ ሳምንት ተዘጋ ሲባል ቆይቶ ገበያው መዋሉን የሚያረጋግጥልኝ ሰው ጠፋ። ያላረጋገጥኩትን አልጽፍም። ስለዚህ አንድ ቀን መስመሩን ከሰንጠረዡ ፋቅሁት። «ተዘግቷል» ብዬ አልጻፍኩም፤ መዘጋቱንም አላረጋገጥኩም ነበር። ባዶ ቦታ እንዳይታይ ከታች ያሉትን መስመሮች አንዳንድ እርከን ከፍ አደረግኋቸው። እጅግ ንጹሕ ሥራ ነበር።

ከዚያ ወራት አልፈው፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል፣ አንድ ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ ጎረቤቴን በደጃፏ የልብስ እስር በገመድ ስትጠፍር አገኘኋት።

«አከም ጅርታ፣ አዴ?» አልኳት፤ «አዴ» እንደ «እትዬ» ነው።

«ፈያ፣ በርሲስቱ» አለችኝ፤ መምህርት ማለቷ ነው። ወዴት እንደሆነ ብጠይቃት ከነገ ወዲያ፣ ሐሙስ፣ ወደዚያ ገበያ እንደምትሄድ ነገረችኝ። በአይሱዙው ላይ ቦታ ይዛለች። እንደ ልማዴ በጥንቃቄ፣ ገበያው ስለመዋሉ የተረጋገጠ መረጃ አለመኖሩን አስረዳኋት። ሳቀችና ከጉያዋ ስልኳን አወጣች። ልጇ ወደ ኮሌጅ ከመመለሷ በፊት አንድ አፕ ጭናላታለች። ጎረቤቴ ብዙ ማንበብ አትወድም፤ አፑም ብዙ አያስነብብም። ገበያ ካለ አረንጓዴ ነጥብ፣ ከሌለ ቀይ። በዚያች ከተማ ስም ፊት፣ ሐሙስ ላይ፣ ነጥቡ እንደ ጥቅምት ሣር ለምልሟል።

«አንቺ አላረጋገጥኩም ትያለሽ፣ ይሄ አለ ይላል» አለችኝ። «አንቺ አንድ ሰው ነሽ፤ ይሄ የዓለሙን ሁሉ ያውቃል።»

ስልኩን ተቀብዬ አየሁት። ከነጥቡ ሥር «ዝናብ ካለ ከስድስት ሰዓት በፊት ይበተናል፤ መኪናው ግን እስከ ስምንት ይጠብቃል» የሚል ተጽፏል። ዓረፍተ ነገሩ የእኔ ነበር። ድርብ ሰረዙ ሳይቀር የእኔ ነበር።

«አዴ፣ ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ምን ያከራክረናል?»

ፍቄዋለሁ አልኳት። ከፋቅሽው እዚህ ምን ይሠራል አለችኝ። እሷም ገመዱን ማጥበቋን ቀጠለች። በሌሎቹ ገበያዎች ሻጩ ከገዢው መብለጡን፣ እዚያ ያሉ እናቶች ግን ለልጆቻቸው የሚያለብሱትን ይዛላቸው እንድትመጣ እንደሚጠብቋት ነገረችኝ። ከእኔ ጥንቃቄ ይልቅ «አለ» የሚለውን ነጥብ ማመን ልቧ ይፈልግ ነበር። አይሱዙው ሐሙስ ሲነጋ ይነሳል፤ የቀረኝ ረቡዕ ብቻ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት የእኔን ገጽና የአፑን ገጽ አትሜ፣ አንድ የሆኑትን መስመሮች በማስመሪያ አስምሬ፣ ሕግ ወደሚያስተምር ባልደረባዬ ዘንድ ሄድኩ። ወረቀቶቹን አገላብጦ አየና በማስመሬ ጥራት ተደነቀ። የቅጂ መብት አንድ ሰው ነገሩን የገለጸበትን መንገድ እንጂ እውነታውን ራሱን እንደማይጠብቅ አብራራልኝ።

«ሐሙስን አንቺ አልፈጠርሽውም» አለኝ። «የዝናቡ ዓረፍተ ነገር ግን ያንቺ ሊባል ይችላል። በዝናቡ ልትከሺው ትችያለሽ፤ በሐሙሱ ግን አትችዪም።»

የኮምፒውተር ወንጀልስ ብዬ ብጠይቀው፣ ገጼ የይለፍ ቃልም የአጠቃቀም ደንብም ስለሌለው፣ በር የሌለውን ቤት ሰብሮ ገባ ለማለት እንደሚያስቸግር ነገረኝ። የግል መረጃ ሕግም የሚጠብቀው ሰውን ነው፤ ከተማን አይደለም። በመጨረሻ የእውነት የምፈልገውን ጠየቅሁት፦ ባለቤቱ የፋቀውን፣ የቀዳው ሰውም እንዲፍቅ የሚያስገድድ ሕግ አለ? ለረጅም ጊዜ አሰበ። ከዚያ ለፈተና ጥሩ ጥያቄ ነው ብሎ ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ጻፈው። ልጻፈው ወይ ብሎ አልጠየቀኝም።

በአፑ ላይ በሰፈረው አድራሻ መሠረት፣ የሠራው ሰው እዚሁ ነቀምቴ፣ መናኸሪያው አጠገብ፣ ከአንድ የስልክ መሸጫ በላይ ባለች ክፍል ውስጥ ይሠራል። ሳንኳኳ ከመቀመጫው ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ተማሪዬ ነበር። ኮምፒውተር ሳይንስ አጥንቶ፣ እኔ ዘንድ ለአንድ መንፈቅ የመጣው ኮርሱ ግዴታ ስለሆነበት ነው። ጥሩ ውጤት ሰጥቼዋለሁ፤ በተለይ ምንጭ በመጥቀስ።

የገበያ ቀኖቹን ከየት እንዳመጣቸው ስጠይቀው ምንም ሳያፍር፣ እንዲያውም ደስ እያለው ነገረኝ። ፕሮግራም ጽፏል፤ ፕሮግራሙ በየቀኑ ወደ ድረ ገጾች ሄዶ ያለውን መስመር በመስመር አንብቦ ያመጣል። «ስክሬፒንግ» ይሉታል፤ እሱ ግን እንደ ቡና መልቀም ነው አለኝ። ጨዋ ፕሮግራም መሆኑንም ገለጸልኝ፤ ገጼን እንዳያጨናንቀው ሲል ሰው በማይበዛበት ሰዓት፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይልከዋል። ጡረተኛው አንባቢዬ በዚህ ሁኔታ ከዚህ ዓለም ተለየ።

«ፈቃድ መጠየቅ አልነበረብህም?»

«ፕሮግራሙ ይጠይቃል እኮ፣ መምህርት። በድረ ገጽ ላይ ለማሽኖች ተብሎ የሚቀመጥ አንድ ትንሽ ፋይል አለ፤ ይህን ውሰዱ፣ ያን አትንኩ የሚል። እርስዎ ግን አላስቀመጡም። ቢከለክሉ አይነካም ነበር።»

«አጥር የሌለው ጓሮ ጎመኑ የመንገደኛ ነው?»

«አይደለም። ግን ጎመኑ እዚያው አለ፤ አልነቀልኩትም።»

ከዚያም እንዳልቀየመው አስቦ የአፑን የመጨረሻ ገጽ ከፈተልኝ። በደቃቅ ፊደል «ምንጭ፦ ኢንተርኔት» ይላል። ምንጭ ጥቀስ ያልኩት እኔ መሆኔን በቅንነት አስታወሰኝ። በጎመኑ ነገር ልቀጥል አልቻልኩም፤ በአይሱዙ ጋቢና ውስጥ አጥር ከሌለው ጓሮ ስንት ዓመት እንደለቀምኩ አውቃለሁ። ስለዚህ ስለ ሐሙሱ ብቻ ነገርኩት።

ኮምፒውተሩን ከፍቶ መረመረ። ፕሮግራሙ አዲስ የጻፍኩትን ይጨምራል፣ የለወጥኩትን ይለውጣል። አንድ መስመር ከገጼ ሲጠፋ ግን ገጹ በደንብ ሳይጫን ቀርቶ ይሆናል ብሎ የድሮውን ያስቀራል። ይህን ያደረገው መረጃ እንዳይጠፋ ተጠንቅቆ ነው። እኔ ከጥንቃቄ ብዛት ፋቅሁ፣ እሱ ከጥንቃቄ ብዛት አስቀረ፤ በሁለታችን ጥንቃቄ መካከል አንዲት ሴት እቃዋን ጠፍራ መኪና ትጠብቃለች። በዚያ መንገድ ነገ ማን እንደሚሄድ ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። ሕግ ሳያስጠቅሰኝ ነጥቡን እዚያው ፊቴ ቀይ አደረገው።

ከሰዓት በኋላ የዱሮ ማስታወሻ ደብተሬን ከመደርደሪያ አውጥቼ ወደ ጎረቤቴ ሄድኩ። ስልኳን በእጇ ይዛ ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች።

«አስቀላሽው» አለችኝ።

አልካድኩም።

«ትናንት የዓለሙን ሁሉ ያውቅ ነበር። ዛሬ በርሲስቱ ሄዳ አንድ ነገር ስላለችው ቀላ። ምን ሰጥተሽው ነው?»

አረንጓዴም ያደረግሁት እኔው እንደነበርኩ ነገርኳት። ከዚያ ደብተሩን ገልጬ የዚያን ገበያ ገጽ አነበብኩላት። ሐሙስ ይውላል። ዝናብ ካለ ከስድስት በፊት ይበተናል። መኪናው ግን ይጠብቃል፣ ሾፌሩ ቅቤ ሳይገዛ አይመለስምና። ስለ ቅቤው ያለውን ሳይንሳዊ አይደለም ብዬ በሰንጠረዡ አላስገባሁትም ነበር። ጎረቤቴ ስለ ሾፌሩ ስትሰማ ራሷን ቀና አደረገች።

«ዱጋ? እውነት? ይሄ የእኔ ወሬ ነው።»

«ያንቺ ነው። ስልኩ የነገረሽ አንቺ ያኔ የነገርሽኝን ነው።»

ስልኩን በጭኗ ላይ ገለበጠችው፤ ነጥቡ እንዳይታያት።

«ያኔ ስነግርሽ መንገዱ ሰላም ነበር» አለችኝ። «አሁን ነገ ገበያው ይዋል አይዋል ማን ያውቃል?»

«ማንም አያውቅም፣ አዴ።»

«ታዲያ ማንም አያውቅም ብለሽ ለምን አልጻፍሽም?»

መልሴን አልጠበቀችም፤ ጎንበስ ብላ የእስሩን ገመድ አንድ በአንድ መፍታት ጀመረች። ብቻዋን ትፍታው ወይስ ላግዛት እያልኩ ሳመነታ ጨርሳው ነበር።

ሐሙስ አይሱዙው ያለ እሷ ሄደ። አንዳንዱ ከግማሽ መንገድ ተመለሰ አለ፤ አንዳንዱ ደርሶ ቅቤ ጭኖ መጣ አለ። ሁለቱንም አላረጋገጥኩም። ጎረቤቴ ልብሶቹን ደጃፏ ላይ ዘርግታ ዋለች፤ ለሁለት ቀን ከሰላምታ በቀር አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ግን ያንን አፑን የሠራውን ልጅ ጥሪልኝ አለች። ቅዳሜ አብሬው ገባሁ።

«አቲ ኢልማ ኤኙቲ?» አለችው ገና ከመቀመጡ። የማን ልጅ እንደሆነ፣ ቤተሰቦቹ ከየት ወገን እንደሆኑ፣ እናቱ ደኅና መሆኗን እስክታጣራ ሻይው ቀዘቀዘ። እሱም ላፕቶፑን ጭኑ ላይ እንደያዘ በትዕግሥት መለሰ። ለእሱ ፕሮግራም እንዲህ ያለ ጥያቄ አቅርቦለት የሚያውቅ ድረ ገጽ አልነበረም። በመጨረሻ የምታውቀውን ትነግረው፣ እሱም ይጽፈው ዘንድ ፈቃዷን ጠየቀ። እኔ በዓመታት ያልጠየቅሁትን እሱ በአንድ ከሰዓት ጠየቀ፤ እውነት ለመናገር ቅር አለኝ።

ፈቀደች፤ ግን ሁሉንም አይደለም። ሁለት ገበያዎችን ለራሷና ለጓደኞቿ አስቀረች፤ ሁሉም ሰው ከመጣ እኛ ምን እንሸጣለን አለች። ስሟም እንዳይጻፍ ከለከለች፤ መንገድ የተሳሳተ ሁሉ እሷ ደጅ መጥቶ እንዲጮኽ አትፈልግም። በዝርዝሩ ላይ እዚያ የሐሙስ ገበያ ጋ ሲደርሱ ልጁ አረንጓዴ ወይስ ቀይ ብሎ ጠየቃት።

«አላውቅም።»

«አንዱን መምረጥ አለብኝ።»

«አላውቅም ብለህ ጻፍ፣ አንተ ጉርባ። አላውቅም ማለት የለም ማለት አይደለም፤ አለ ማለትም አይደለም።»

ለዚህ የሚሆን ቀለም በአፑ ውስጥ አልነበረም። እዚያው ተቀምጦ ሠራ። ቢጫ ሞከረ፤ ቢጫ የሰርግ ነው፣ ሰው ደስ ብሎት ይሄዳል ብላ መለሰችለት። ሰማያዊውን ደግሞ የዩኒፎርም ቀለም ነው፣ ልጅ ያለው ሁሉ ይነሣል አለች። ግራጫ አደረገውና ስልኩን አቀበላት። ከፊቷ አርቃ፣ ጨርቅ እንደምትመርጥ ሴት ወደ ብርሃን አዙራ አየችው።

«ይሁን» አለች። «ስንት ዓመት ስሸጥ ይህን ቀለም የገዛኝ የለም።»