የጠፍር አውራ ዶሮ

ስለዚህ ሰው መጻፍ የነበረበት ከእኔ የተሻለ የሚያውቀው ሰው ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት ጫማዬን ሰፍቶልኛል፤ እኔ ግን ጫማ ሰፊ መሆኑን እንጂ ሌላውን አላውቅም። የምጽፈውን ግማሹን ሚስቱ ነገረችኝ፤ ግማሹን እሱ ራሱ ሚስማር እንደጎረሰ፣ ቀና ሳይል አወጋኝ።

ሰፈሩ «ጠፍር» ይለዋል። ቤቱ ውስጥ የተሰበረ ነገር ሁሉ የሚጠገነው በቆዳ ስለሆነ ነው። የድስቱ ጆሮ ቆዳ፣ የወንበሩ እግር ቆዳ፣ የሚያንጠባጥበው ቧንቧ ቆዳ። «ጥርሱ ቢወልቅም በጠፍር ነው የሚያስረው» ይሉታል፤ አብሮ ይስቃል። የዶሮ ቤቱ መቀርቀሪያ ሲወልቅ ሚስቱ አናጺ እንዲጠራ ለመነችው።

«እኔ እያለሁ አናጺ ምን ሊሠራ?» አለና ወፍራም ጠፍር ቆርጦ፣ እንዳይደርቅ በስብ አሽቶ፣ በሩ ላይ ቸነከረው።

ስብ የጠጣ ቆዳ ለሸለምጥማጥ ሥጋ ነው። በሳምንቱ ጎህ ሲቀድ መጣና ጠፍሩን አኝኮ በጥሶ ገባ።

ጠፍር ጩኸቱን ሰምቶ በባዶ እግሩ ሲደርስ ሰባቱም ሴት ዶሮዎች አልቀዋል። አንዷ ጭንቅላት የላትም፤ እግሯ ግን አሁንም መሬት ይጭራል። ግድግዳው ላይ በተረጨው ደም ላባ ተለጥፏል። ጥግ ላይ አውራው ብቻውን ቆሞ ይራገጣል። አንድ ክንፉ ተንጠልጥሏል፣ የጀርባው ቆዳ ከአንገቱ እስከ ጭራው ተገሽልጧል። እሱም ዝም ብሎ አልተበላም፤ የሸለምጥማጡን አንድ ዓይን በጥፍሩ አፍስሶታል። አውሬው ጠፍርን ሲያይ በእግሮቹ መሀል ሾልኮ አመለጠ።

ዶሮዎቹን ከጫጩትነታቸው ያሳደገቻቸው ሚስቱ ነበረች። የታኘከውን ጠፍር ከመሬት አንሥታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«አውራውን ሳይሞት እረደው» አለችው።

«ይድናል።»

«አንተ ሰውዬ፣ የቀረው እኮ ግማሹ ነው።»

«እስከ እሑድ ጊዜ ስጪኝ። እሑድ ጥሬ ካልለቀመ ቢላውን ራሴ አነሣለሁ።»

ሰባቱን በእጁ እንዳስበላ ያውቃል። ይሄ ስምንተኛው ከሞተ ፊቷን የሚያይበት ዓይን አይኖረውም።

አውራውን ሱቁ ወሰደው። ቁስሉን በጨው ውሃ አጠበና እንደ ቡት ጫማ በጉልበቶቹ መሀል አጣብቆ ይሰፋው ጀመር። እጁ የለመደው ጫማ ነው፤ ክሩን ጥብቅ አድርጎ እየሳበ፣ ውሃ እንዳያስገባ አድርጎ ሰፋው። በሦስተኛው ቀን ጀርባው ተነፍቶ መሽተት ጀመረ።

ሚስቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሱቁ መጥታ አየችው። «ውሃ እንዳይገባበት አደረግከው፤ መግሉስ በየት ይውጣ?»

ስፌቱን በምላጭ ሲበጥሰው መግሉ ፊቱ ላይ ተረጨ። አውራው የጠፍርን አውራ ጣት ሥጋ ቦጨቀ፤ ጠፍር ግን አልለቀቀውም። ደሙ ከዶሮው ደም ጋር እየተቀላቀለ እንደገና ሰፋው፤ አሁን አላልቶ፣ ከታች ለመግሉ መውጫ ትቶ። የተሰበረውን ክንፍ ከጎኑ ጋር ሲያስር ሚስቱ አየችው።

«አሁንም ቆዳ?»

«የበግ ነው። ለስላሳ ነው።»

«ልብህም እንደሱ ቢለሰልስ» አለችና ጫፉን ያዘችለት።

ቅዳሜ ሲመሻሽ ሸለምጥማጡ የደሙን ሽታ ተከትሎ ሱቁ ገባ። አንድ ዓይና ነው። አውራው ወዳለበት ሣጥን ሲጠጋ ጠፍር ተነሥቶ በሩን በጀርባው ዘጋ። አውሬው ዘለለና የእጁን አንጓ ነከሰው፤ ጥርሱ አጥንት ሲነካ ተሰማው። በሌላው እጁ መዶሻውን አነሣ። የመጀመሪያው ምት ወገቡን ሰበረው፣ ሁለተኛው ጭንቅላቱን አፈረሰው።

ሚስቱ ከውጭ በመስኮት ታየው ነበር። «በቃህ፤ ሞቷል» አለችው። አልሰማትም። ሶል እንደሚያሳሳ ሰው፣ በእኩል ምት፣ ሳይቸኩል ይቀጠቅጠው ነበር። ክንዱ ሲዝል ብቻ አቆመ። የሱቁ ወለል ዛሬም እዚያ ቦታ ላይ ጠቁሮ ይታያል።

እሑድ ጠዋት ሚስቱ ጥቂት በቆሎ በመዳፏ ይዛ ሣጥኑ አጠገብ ተቀመጠች። አውራው አንገቱን አጣመመ፣ አንዷን ፍሬ ለቀመ፣ ጣላት፤ ደግሞ ለቀማት፤ ዋጣት። ሚስቱ ቢላ ይዞ ከኋላዋ የቆመውን ባሏን ዞራ አላየችውም። «ቢላውን ቦታው መልሰው» አለችው። አናጺውንም ራሷ ጠራች።

አውራው አሁን ሱቁ ደጃፍ ይውላል፤ ጀርባው መላጣ ነው፣ ደንበኛ ይረግጣል። እኔንም ረግጦኛል።

ይህን ሁሉ ከሰማሁ በኋላ አንድ ነገር ከነከነኝ፤ ሁለት ቀን ስፈራ ቆይቼ ጠየቅሁት።

«ወንድሜ፣ ከሞተ በኋላ ያን ሁሉ ስትመታ በልብህ የምትመታው ማንን ነበር?»

እጁ ቆመ። አንጓው ላይ ያለውን ጠባሳ፣ ከዚያም የዶሮ ቤቱን ጠፍር የቆረጠውን የገዛ እጁን አየ።

«ሌላ ጠይቀኝ» አለ።

ሌላ ጥያቄ አልነበረኝም።