የአርጆው ካሴት

አባቴ የመዘምራን መሪ ነበር። በደርግ ጊዜ ነቀምት የነበረው ጸሎት ቤታችን ሲዘጋ መዘምራኑም ተበተኑ፤ ከዝማሬያቸው የቀረን አንድ ካሴት ብቻ ነበር። አባቴ በዚያ ካሴት እንቅልፍ አጣ። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» እያለ፣ እሱ ግን ሦስት ሊተክል ቆረጠ፤ ዋናውን ጓሯችን ሊቀብር፣ አንድ ግልባጭ አንገር ጉቲን ለሚያስተምር ጓደኛው፣ ሌላውን አርጆ ላለችው እህቱ፣ አዳዳ ለምንላት አክስታችን ሊልክ።

የእኛን ቴፕና ከጉራጌው ባለሱቅ ጎረቤታችን የተዋሰውን አልጋ ላይ ፊት ለፊት አስቀመጣቸው። አንዱ ይዘምራል፣ አንዱ ይቀዳል። የክፍሉ ድምፅ ሁሉ አብሮ ስለሚገባ ማሳል ክልክል ሆነ፤ ዶሮዎቻችን እንኳ ወደ ጎረቤት ተሰደዱ። የአንገር ጉቲኑ በሰላም አለቀ። የአርጆው ሲገለበጥ፣ ሦስተኛው መዝሙር ላይ፣ ዝምታ ያልፈጠረባት እናቴ በሩን ከፍታ፣ «ኮታ ኛዳ! ኑ ብሉ እንጂ፣ ወጡ ቀዘቀዘ እኮ!» አለች።

አባቴ ጦፈ። «አንቺ ሴት፣ መዝሙሩ ላይ ወጥ ደፋሽበት!» እኛ ሳቃችንን ለመዋጥ ትራስ ነከስን። እንደገና እንዳይቀዳ የአርጆ መኪና ሊነሳ ነው። «ለአርጆ ይሄም ይበቃታል» ብሎ እያጉረመረመ ላከው።

እናቴ በዚያው በጋ ታመመች፤ ክረምቱን አላየችም። ቤታችን ያለ ከልካይ ጸጥ አለ። ያን ጸጥታ ጠላሁት።

መስከረም ላይ አባቴ ጓሮ የቀበረውን ጣሳ ቆፍሮ አወጣ፤ ውሃ ገብቶበት ካሴቱ ሻግቷል። የአንገር ጉቲኑንም የቆላው ፀሐይ አጣሞታል ተባለ። አባቴ ፊቱ አመድ መሰለ። ደግነቱ አዳዳ የእሷን በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛ መጣች።

ያኔውኑ ቴፕ ተዋስን፣ ባዶ ካሴት ገዛን፣ መስኮት ዘጋን። «ትንፍሽ የሚል ወዮለት!» አለ አባቴ። መዝሙሮቹ ደህና ነበሩ። ሦስተኛው ላይ በር ሲንሲያጠጥ ተሰማ።

«ኮታ ኛዳ! ኑ ብሉ እንጂ፣ ወጡ ቀዘቀዘ እኮ!»

አዳዳ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ማናችንም ትንፍሽ አላልንም፣ ከአባቴ በቀር።

«ነን ዱፋ» አለ ወደ በሩ ዞሮ፣ ቀስ ብሎ። መጣሁ ማለቱ ነው።

አዲሱ ካሴት ላይ እሷም ትጠራለች፣ እሱም ይመልሳል።