እግሬ አውጪኝ ያልኩበት እሑድ

ሰው ሁሉ ደንጋጣ ይለኛል። እውነታቸውን ነው። ኩሽና ውስጥ ክዳን ሲወድቅ ሳሎን ያለሁት እኔ ብድግ እላለሁ። የልጅ ልጆቼ ይህን ስለሚያውቁ ከበር ኋላ እየተደበቁ ያስደነግጡኛል፤ እኔ እራገማለሁ፣ እነሱ ይንከተከታሉ። ይሳቁ ግድ የለም። ልቤ መዝለልን ከየት እንደተማረ ግን አያውቁም።

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ግድም ኮልፌ የከተማ ዳር ነበር። ከቤታችን ጀርባ ባሕር ዛፍ፣ ከፊታችን ደግሞ በክረምት ጫማ የሚያስቀር ጭቃ። ቤት ውስጥ እናቴና እኔ ብቻ ነበርን። አባቴ ገና ልጅ ሳለሁ ሞቷል። ታላቅ ወንድሜ፣ እኔ ወንድም ጋሼ የምለው፣ ወታደር ሆኖ ኦጋዴን ጠረፍ ሄዷል። ከፋሲካ ወዲህ ወሬው ጠፍቶብናል። ከዚያ አገር የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር አለ ከተባለ እናቴ መርካቶ ድረስ በእግሯ ወርዳ ትጠይቃለች። አላየነውም ይሏታል። ተመልሳ ጎመኗን ትከትፋለች፤ የአከታተፏ ድምፅ ሁሉን ይነግረኛል።

የአባቴን መርዶ ይዘው የመጡት የሰፈራችን የእድር ዳኛ ነበሩ። መርዶ መቼም በማለዳ ነው የሚነገረው፤ ባለቤቱ ከቤት ሳይወጣ፣ ጎረቤት ሳይበተን። ያን ቀን የቆርቆሮ በራችንን በከዘራቸው መቱት፣ ቀስ ብለው፣ እየቆዩ። የተናገሩትን አላስታውስም። የከዘራውን ድምፅ ግን ሰውነቴ ያዘው። ከዚያ በኋላ ሰውዬውን መንገድ ላይ ባየሁ ቁጥር ያው ድምፅ ይመጣብኛል። እሳቸው ምን በወጣቸው፣ አዝነውልኝ ከረሜላ ይሰጡኝ ነበር። ከረሜላውን እጅ ነሥቼ እቀበልና እፈረጥጣለሁ።

ታዲያ አንድ የጥቅምት እሑድ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ጓሮ ፊቴን ስታጠብ በሩ ተመታ። በከዘራ ነው። ቀስ ብሎ፣ እየቆየ።

አሁን ሐኪሞች ሲያስረዱኝ፣ ሰውነት አደጋ መጣብኝ ሲል የሚያውቀው መደባደብ ወይም መሸሽ ነው፤ ለዚያም ባለቤቱን ሳያማክር ይሰናዳል ይላሉ። እኔ ያን ጊዜ ያወቅሁት ምራቄ ድርቅ ማለቱን፣ እጄ በረዶ መሆኑን፣ ልቤ ከደረቴ ወጥቶ ጆሮዬ ውስጥ መደለቁን ነው። የጎረቤት ዶሮ አጥሩ ላይ ቆሞ አንገቱን ሲዘረጋ አያለሁ፣ ጩኸቱ ግን አይሰማኝም። ዓይኔ ብቻ ጥርት አለ። በአጥሩ ቀዳዳ ነጫጭ ጋቢ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች አየሁ፤ ከፊት የእድር ዳኛው ቆመዋል። በቃ፣ ወንድም ጋሼ ሞቷል አልኩ።

እናቴም አይታለች። እናቴ ጨዋ ናት፤ ስትቆጣ እንኳ ለጎረቤት አትሰማም። ያን ጠዋት ግን ከሙቀጫው ዘነዘናውን መንጭቃ አወጣችና በሩን በርግዳ ከፊታቸው ቆመች።

«አንዲት ቃል ከአፋችሁ ብትወጣ እፈነክታችኋለሁ! ልጄ አልሞተም።»

እኔስ? እኔ ጀግናዋማ እግሬ አውጪኝ አልኩ። በጓሮ አጥር ሾልኬ፣ ባዶ እግሬን፣ ነጠላም ሳልይዝ ባሕር ዛፉ መሐል ገባሁ። ካልሰማሁት አልሞተም፤ ሐሳቤ ይኸው ነበር፣ እሱም ሐሳብ ከተባለ። ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች ዘወር እያሉ አሳለፉኝ። አንዷ ምን አባሮሽ ነው ስትለኝ ትዝ ይለኛል፤ ቆሜ የምመልስበት ልብ አልነበረኝም። ቁልቁል ሮጬ ሮጬ አውቶቡስ የሚዞርበት ማዞሪያ ስደርስ ትንፋሼ አለቀ።

እዚያ አንድ ሰው ኮት ለብሶ ይንጎራደዳል። አወቅሁት። በዘነበወርቅ በኩል ካለ ሐኪም ቤት የሚሠራ ድሬሰር ነው። ልብስ ስፌት ስማር የመኪናው መርፌ ጣቴ ውስጥ ተሰብሮ ያወጣልኝ እሱ ነበር። ሲያየኝ ፊቱ አመድ መሰለ። እኔም ፊቱን ሳይ የቀረችኝ ተስፋ ብን አለች፤ ይኸው የሰፈራችን ሰው ያልሆነው እንኳ ሰምቷል አልኩ። ፊት ለፊት ተፋጠን ቆምን። እሱ ከንፈሩን ይልሳል። በዚያ በጥቅምት ብርድ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«እሺ ካላልሽ ይቅር» አለኝ በመጨረሻ። «ይህን ያህል ግን አያስሮጥም።»

ምኑን ነው እሺ የምለው ብዬ ጮህኩበት። ሽማግሌዎቹ አልነገሩሽም ወይ አለኝ። ከዚያ እየተንተባተበ አወራው። ለካ ሽማግሌ የላከው እሱ ነው፤ እኔን ለማግባት። የጎጃም ልጅ ነው፣ አዲስ አበባ ዘመድ የለውም። በሰፈሩ የተከበረው ሰው ማነው ብሎ ሲጠይቅ ሁሉም የእድር ዳኛውን ነገሩት። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሳትሄድ እንዲደርሱባት ብሎ ደግሞ በማለዳ እንዲሄዱለት ለመናቸው። ለክብር ብሎ ያደረገው ሁሉ ለእኛ መርዶ ሆኖ መጣ። የእሳቸው ከዘራ በማለዳ በራችንን ሲመታ ምን ማለት እንደሆነ ማን ይንገረው?

ልሳቅ ወይስ ላልቅስ ስል ድንጋይ ላይ ዘጭ አልኩ። ጥርሴ ይንገጫገጫል። እሱ እግሬን አይቶ ተንበረከከ። የጠርሙስ ስባሪ ውስጥ እግሬን ሰንጥቆታል፤ የመጣሁበት መንገድ ላይ ደም አለ። እኔ ምንም አልተሰማኝም ነበር፤ እሱ ካሳየኝ በኋላ ግን አቤት ማቃጠሉ። ሲሸሹ ሕመም ቆይቶ ነው የሚመጣ አለኝ። መሐረቡን ሲያወጣ ሁለት ጊዜ ከእጁ አመለጠው። ቁስሉን ሲነካ ግን እጁ ቀጥ አለ። ያን እጅ ወደድኩት፤ ምን ልደብቅ።

«እናቴ ዘነዘና ይዛለች» አልኩት ድንገት ትዝ ሲለኝ። እንደገና አመድ ሆነ።

እያነከስኩ ተመለስኩ። እሱ ወግ አይፈቅድለትምና ከጎረቤት አጥር ዘወር ብሎ ቀረ። ቤት ስደርስ አንዱ ሽማግሌ የድንጋይ ካቡ ላይ ወጥተዋል፤ ሁለተኛው እንደ ተከሉት ግንድ ደርቀው ቀርተዋል፤ የእድር ዳኛው ከዘራቸውን ፊታቸው ላይ ጋርደው ቆመዋል። እናቴ ቃል ብትወጣ ስላለች የመጡበትን እንኳ መናገር አልቻሉም። ለጋብቻ ነው የመጡት፣ ለእኔ ነው ብዬ ነገርኳት። ዘነዘናው ከእጇ ወደቀ። ወደ እኔ ግን ዘወር አላለችም።

«ልጄ አለ?» አለቻቸው።

የእድር ዳኛው ቆባቸውን አወለቁ። «እመቤቴ፣ እኔ ክፉ አልሰማሁም» አሏት። «ደጉንም አልሰማሁም። አልዋሽሽም።»

እናቴ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ሽማግሌዎቹም አብረዋት ተቀመጡ። ወንድሟ በሠርጓ ላይ ሳይቆም ልጄን አልድርም አለች። እኔን የጠየቀኝ የለም፤ ብጠየቅም ያንኑ ነበር የምለው። ሽማግሌዎቹ መልሱን ለድሬሰሩ ሲያደርሱለት፣ እንጠብቃለን አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የእድር ዳኛው በራችንን በከዘራ መምታት ተዉ። ገና ከማዶ መንገድ ላይ ሳሉ «ደኅና ነው! በደኅና ነው የመጣሁት!» እያሉ ይመጣሉ፤ ሰፈርተኛው ይስቅባቸዋል፣ እሳቸው እቴ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ መጀመሪያ መጀመሪያ በ«ደኅና ነው» ራሱ ልቤ ትዘል ነበር። ቁስሌን ለማሳጠብ ሐኪም ቤት ስሄድ ይህንኑ ለድሬሰሩ ነገርኩት። ሲመጣብሽ ትኩስ ሻይ እንደምታበርጂ ቀስ ብለሽ እፍ በይ፣ ልብ ትንፋሽን ትከተላለች አለኝ። እናቴንም አስተማርኳት። ሁለታችን በር በተንኳኳ ቁጥር እፍ ስንል ያየን ሰው አብደዋል ይል ነበር። ግን ሠራልን። ቀስ በቀስ በር ሲመታ በር መሆኑን ለመድን፤ እናቴም ዘነዘናውን ከበሩ ጥግ አንስታ ወደ ሙቀጫው መለሰች።

ጥምቀት ሲቃረብ፣ አንድ ቀን በማለዳ በሩ ተደበደበ። በከዘራ አይደለም፣ በጡጫ ነው። «ደኅና ነው» የሚል ድምፅም የለም። ምራቄ ደረቀ፣ እጄ በረዶ ሆነ፣ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ገባች። እፍ ልበል ብዬ ትንፋሽ አጣሁ። እናቴ ወደ ሙቀጫው ስትዘል አየኋት፤ እኔም እንደ ልማዴ እግሬ ተነሣ። ወደ ጓሮ መስሎኝ ነበር። ልብ ስል ግን የበሩን መቀርቀሪያ ይዣለሁ።

ከፍቼ ሳይ ወንድም ጋሼ ነው። ከስቷል፣ ጠቁሯል፣ ሻንጣውን በትከሻው አንግቷል። እናቴ ዘነዘናዋን እንደያዘች መጥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እሱ በእሷ ትከሻ ላይ አሻግሮ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ምነው እቴዋ» አለኝ፣ «በዚህ ብርድ ባዶ እግርሽን?»