መምህር ግርማ እና ሰው ያጣው የሒሳብ ጨዋታ

ታላቅ ወንድሜ መምህር ግርማ ባለፈው ሰኞ ጧት በቤታቸው አርፈዋል። ጉበታቸውን ታመው ነበር። ያልሰማችሁ ካላችሁ በዚህ ስሙ። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ የቀረሁ ነኝ፤ ጽሑፍ አይሆንልኝም። ያሳደጉኝ ግን ጋሼ ናቸው፤ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ያስተማሯችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ሒሳብ ያልገባውን ተማሪ ከሰዓት በኋላ የሚያስቀሩት ለቅጣት አልነበረም። ከቡልቡላና ከአዳሚ ቱሉ መጥተው የሚማሩ ልጆች መኪና ሲያጡ እኛ ቤት ያድሩ ነበር። እራቱን ራሳቸው እያቀረቡ «ብሉ፤ የራበው ሰው አይደምርም» ይሏቸዋል።

ለእርሻ ሥራ የመጣ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ኮምፒዩተሩን ለትምህርት ቤቱ ትቶ ሄደ። ውስጡ የልጆች የሒሳብ ጨዋታ ነበረበት። ማንም በነፃ እንዲያባዛው፣ እንደ አገሩም እንዲያስተካክለው የተፈቀደ ነበር።

አንድ ቀን ሣራ የምትባል ተማሪያቸው ተቀምጣ ስትጫወት፣ ጨዋታው የሰዓት ሥዕል አሳያት። አጭሩ ዘንግ ዘጠኝ ላይ ነው። ሁላችን እንደምናነበው «ሦስት» ብላ መታች። ማሽኑ ጮኸባትና ስህተት ነው አላት። ደገመች፤ ደግሞ ጮኸ። ልጅቷ እጇን ከጠረጴዛው ላይ አወረደች። ጋሼ አጠገቧ ቁጭ አሉና «ልጄ፣ አንቺ አልተሳሳትሽም። እሱ ነው አገራችንን ገና ያልለመደው» አሏት።

ከዚያ በኋላ ሌላ ሐሳብ አልነበራቸውም። ሰዓቱ የእኛ ሰዓት፣ ገንዘቡ ብር፣ ቋንቋው አማርኛና ኦሮምኛ ይሁን አሉ። ማሽኑ ግን የእኛን ፊደል አያውቅም። እያንዳንዱ ፊደል በካሬ ወረቀት ላይ በነጥብ በነጥብ መሣል አለበት። ለአንድ ሰው የሚቻል ስላልነበረ ቅዳሜ ቅዳሜ ኮምፒዩተሩ ያለበት ክፍል መጥቶ የሚሥል ሰው መለመን ጀመሩ።

ከእናንተ ብዙዎቻችሁን ጠይቀዋል። አንዱ የሥራ ባልደረባቸው «ስንት ይከፈላል?» አላቸው።

«ጨዋታው ራሱ በነፃ ነው የመጣው።»

«እንግዲያው በነፃ ይሂድ፣ መምህር» ብሎ ሳቀ። ጋሼም አብረው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

በመጨረሻ «ፈቃደኛ ይፈለጋል» ብለው በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ ለጠፉ። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ቀበሌ ላይ መለጠፍ ምን እንደሚያመጣ እሳቸው ብቻ ናቸው የማያውቁት። ወጣቱ ማስታወቂያውን አይቶ ለዘመቻ የሚታፈስ መስሎት መንገድ ቀየረ። ቅዳሜ ዕለት ክፍሉ በሰው ተሞላ፤ ከኋላቸው አንድ የአብዮት ጥበቃ ቆሟል።

«ማን ላካችሁ?» አሉ ጋሼ።

«ቀበሌ። ፈቃደኛ ናችሁ ተባልን» አለ አንዱ። «ጋሼ፣ ምን አጥፍተን ነው?»

ጋሼ ሻይ አጠጥተው አሰናበቷቸው። የቀበሌው ሊቀ መንበር ተቆጥተው መጡ። «ሰው ስንሰጥዎ ይመልሳሉ፤ ከዚያ ሰው የለም ይላሉ።»

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ እኔ የፈለግሁት የሚመጣ ሰው ነው። የሚላክ ሰውማ ሞልቷል።»

የሚመጣ ሰው አልተገኘም። ታመውም እንኳ አልጋቸው ላይ ሆነው ይሥሉ ነበር። «ይተዉት፣ ይረፉ» ስላቸው «ልጆቹ እስከ መቼ ስህተት ይባሉ?» ይሉኛል።

ለቅሶው ላይ ድንኳን ስገባ ሁላችሁንም አየሁ። ቅዳሜ አይመቸኝም ያላችሁ ሦስት ቀን ሙሉ ተቀመጣችሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን አንጀቴ አረረ። የእድሩ ዳኛ «ስለ ወንድምህ ትንሽ ተናገር» ሲሉኝ ተነሥቼ «ፊደሉ አላለቀም፤ ቅዳሜ ማን ይመጣል?» አልኩ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። «ለቅሶ ላይ እንዲህ ይባላል?» ያለኝም አለ። ታዲያ የት ይባል? እናንተን አንድ ላይ ያገኘሁት እዚያ ብቻ ነው።

ጋሼ፣ እርስዎ ሰው እስኪመጣ መጠበቅ ያውቁበት ነበር። እኔ አላውቅበትም፤ እናደዳለሁ። ሰዓቱን አስተካክለውታል፤ ሣራ አሁን «ሦስት» ብትመታ አይጮህባትም። ፊደሉን «ሸ» ላይ ነው ያቆሙት። ሒሳብ እንደማልችል ያውቃሉ፤ መሣል ግን አያቅተኝም። ቅዳሜ ክፍሉን ከፍቼ «ቀ»ን እጀምራለሁ። አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ሊሆን ይችላል። እርስዎ ይረፉ፣ ጋሼ።