ሦስቱ የተቆለፉ ክፍሎች

ሰፈሩ «ባለ ቁልፏ» የሚላቸው አከራዬ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው። የሰፈሩ ግማሽ በእጃቸው ተወልዷል። የተወለደው ሁሉ አደገና ውጭ አገር ሄደ፣ ሦስቱ ልጆቻቸውም ጭምር። የሄደውም እዚያው ሆኖ እዚህ ቤት ይገዛል። ሰው በቀነሰ ቁጥር ዋጋው የሚጨምርበት ሰፈር የእኛ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ሕፃን ታቅፈን ቤት ስንፈልግ ደላላው «ባዶ ክፍል የለም» አለን። አልዋሸም፤ ክፍሉ ሁሉ ሶፋና ቁም ሳጥን ይኖሩበታል።

እማማ ሦስት ክፍል ቆልፈው ልጆቻቸውን ሲጠብቁ አሥራ አንድ ዓመት ሆናቸው። አምና ደረጃ ላይ ወድቀው ግማሽ ቀን ማንም ሳይደርስላቸው ቀረ። ትንሽ ሲሻላቸው የትልቁን ልጅ ክፍል ለእኛ ከፈቱልን፤ ልጁ ካወቀ ግን በማግስቱ እንደምንወጣ ነግረውን ነው።

ልጁ እሁድ እሁድ በቪዲዮ ይደውላል። «እማዬ፣ እስቲ ክፍሌን አሳዪኝ» ሲል ባለቤቴ የሕፃኗን አልጋ፣ እኔ ሕፃኗንና ዳይፐሩን ተሸክመን ወደ ኩሽና እንሮጣለን። እማማ ሆን ብለው ቀስ እያሉ ይራመዳሉ። «ወገቤን እኮ ነው» ይላሉ።

ባለፈው እሁድ ልጄ ከኩሽና ጮኸች።

«ምንድነው እሱ?» አለ ልጁ።

«ድመት ናት።»

«ድመት ማማ ትላለች እንዴ?»

እኔ በልቤ ሻንጣ መሸከፍ ጀመርኩ። እማማ ወደ ኩሽና መጥተው ስልኩን ወደ እኛ አዞሩት። «ድመቷ ይህችው፤ እነዚህም ወላጆቿ። ተከራዮቼ ናቸው።»

«በስንት?» አለ ልጁ።

ነገሩት።

«እማዬ፣ ገበያውን አታውቂም እንዴ? እጥፉን ያወጣል እኮ።»

«ጥሩ፣ እጥፉን አስከፍላለሁ። አንተ ና፤ እንደ እነሱ ስታጠብ ደግፈኝ፣ መድኃኒቴን በሰዓቱ ስጠኝ፣ ስወድቅም አንሳኝ።»

«ብቻ ሕፃኗ ግድግዳዬ ላይ እንዳትሞነጫጭር» አለ ልጁ።

እማማ ስልኩን ዘግተው የክፍሉን ቁልፍ ከማንጠልጠያው ፈልቅቀው ሰጡኝ። የቀሩትን ሁለቱን አገላብጠው አዩአቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ቧንቧው ያንጠባጥባል፤ ሐኪም ቤቱም ሩቅ ነው። ቧንቧ የሚሠራና መኪና ያለው ተከራይ ታውቂያለሽ?»

ወንድሜ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ቤት ካጣ ከርሟል። የመኪናውን ነገር ቀስ ብለን እናስብበታለን።