የኢልሃም ኮንትራት

ኢልሃም ዲላ መነኻሪያ አጠገብ ሜሞሪ ካርድ ላይ ዘፈን ትጭናለች። መቀመጥ አይሆንላትም፤ ዘፈኑ እስኪጫን እንኳ ቆማ እግሯን ታወዛውዛለች። በ2005 ዓ.ም. የተማሪው ሁሉ ጥያቄ የኮሪያ ዘፈን ሲሆንባት፣ ምሥጢሩን ከኢንተርኔት አነበበች። የኮሪያው ዘፈን ኩባንያ ልጆች ይመለምላል፣ ለዓመታት ያሠለጥናል፣ በውል ያስራል፣ ከዚያ የባዕድ ቋንቋ አስጠንቶ ለዓለም ይቸበችባል። እሸት ቡና ገዝቶ፣ አጥቦና አድርቆ ወደ ውጭ ከሚልከው ነጋዴ የሚለየው ቡናው አለመዝፈኑ ነው።

በሳምንቱ አምስት ሴቶች መልምላ በሱቋ ጓሮ ታስጨፍራቸው ጀመር። ሳይፈርሙ ሌላ ሰው ይነጥቀኛል ብላ ግን እንቅልፍ አጣች። በሯ ላይ በትልቁ ጽፋ ለጠፈች፦ «ዓርብ ኮንትራት እንፈራረማለን። ግባችን ውጭ አገር!»

ሰፊው ሕዝብ የሚያውቀው ኮንትራት አንድ ብቻ ነው፤ ዐረብ አገር ሄዶ የሰው ቤት መሥራት።

ዓርብ ጠዋት ከአምስቱ የአንዷ፣ የትንቢት እናት፣ እየተንደረደሩ ደረሱ።

«አንቺ ልጅ፣ ደላላ ሆንሽ አሉ!»

«ኧረ እትዬ ዘነቡ፣ ለዘፈን ነው!»

«የኔ ልጅ መዝሙር እንጂ ዘፈን አታውቅም! ነይ ውጪ፣ ትንቢት!»

እስከ ረፋድ አምስቱም በየእናታቸው ተወሰዱ። ኢልሃም ወረቀቱን ልትገነጥል ብትወጣ በሩ ላይ ሴቶች ተሰልፈዋል። ከቡሌ ወረዳ የመጣችው ፊተኛዋ ፓስፖርቷን ዘረጋች።

«እህቴ፣ ቤሩት ነው ዱባይ?»

«የዘፈን ኮንትራት ነው።»

«ምን ችግር አለ? ካስፈለገ እዘፍናለሁ።»

ኢልሃም ወረቀቱን እንደያዘች እግሯ መወዛወዝ ጀመረ።

«እስቲ ዝፈኚ» አለቻት።