የኒሲም ጣዎስ

አይሁዳዊው ኒሲም ኢስታንቡል ውስጥ የስኳር ቅርጽ ሠሪ ነበር። ሱልጣኑ ልጁን ሲያስገርዝ ኒሲም ስኳር በሙጫ አቡክቶ አንበሳ፣ ዝሆን፣ ምንጭ ያለበት የአትክልት ቦታ ይሠራል። ሥራው በሰልፍ አደባባይ ይወጣል። ሱልጣኑ አይቶ ሲበቃው ምልክት ይሰጣል፤ ሕዝቡም ተሻምቶ ይበላዋል። ሽሚያው ወግ ነው፤ ያለ ሽሚያ ድግስ ድግስ አይባልም።

ኒሲም ምራቁን የዋጠ ሰው ነው ይባል ነበር። ኡስታ፣ ማለትም የሙያው ጌታ፣ ሲሆን የስኳር ሠራተኞች ማኅበር በሽማግሌዎች ፊት ያስታጠቀውን ሽርጥ ከቅዳሜ ልብሱ አስበልጦ ይወደዋል። ልጅ ግን አልወለደም። ሚስቱ ሬይና ደግሞ ምላሷ ስለት ነው።

«አናጢው ጎረቤታችን የሠራው ሳጥን ይኸው አለ» ትለዋለች። «ያንተ ሥራ የታለ? ከተማው ሆድ ውስጥ።»

«ጣፍጧቸዋል እኮ።»

«ጣፍጧቸው ስምህን ጠየቁ?»

ለቀልድ ነበር፤ እሱን ግን ሆድ ባሰው። ሲያረጅማ ጭራሽ አላስተኛው አለ። ስለዚህ ለሚሠራበት የመጨረሻ ድግስ ከዝሆኑና ከአትክልት ቦታው ሌላ ጅራቱን የዘረጋ ጣዎስ ሠራ፤ የጣዎሱ ሊጥ ውስጥ ብቻ ጄሶ ጨመረ። ጄሶ ያለበት አይሰበርም፤ ሽሚያው ሲያልፍ አንስቼ ቤቴ አስገባዋለሁ ብሎ ነው። ጄሶ የቀላቀለ ሰው ሽርጡን ተገፎ ከማኅበሩ እንደሚባረር ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

ምልክቱ ተሰጠ። ዝሆኑ ከነኩምቢው ወዲያው አለቀ፤ የአትክልቱ ቦታም ተግጦ ጠፋ። ሌላው ሁሉ ተበልቶ ሲያልቅ ጣዎሱ ብቻውን መሐል ላይ ቆሞ ቀረ። ኒሲም ይህን አላሰበውም ነበር፤ ሁሉ በሚበላበት ቦታ ሳይበላ የቀረ ነገር ራሱ ከሳሽ ነው።

አንድ የወደብ ተሸካሚ ጅራቱን ነክሶ ተፋ። «የማንን ግድግዳ ነው ያበላችሁን?» አለ።

የማኅበሩ አለቃ ሐይረዲን መጣ። በወጣትነታቸው ከኒሲም ጋር አንድ ገበታ ላይ ያቦኩ ነበር።

«ኡስታ ኒሲም፣ ያንተ ነው?»

ዓይኑን በጨው አጥቦ መካድ ይችል ነበር። ግን ከካደው ጣዎሱ የማንም ይሆናል።

«የኔ ነው።»

«እስቲ ቅመሰው።»

ነከሰው፤ አንድ ጥርሱ ወለቀ። ሐይረዲን ሽርጡን በገዛ እጁ ፈታለት።

«በስንቱ ፈርጄ ኖሬ ባንተም ልፍረድ?» አለ።

ኒሲም ጣዎሱን ተሸክሞ ቤቱ ገባና መስኮቱ ላይ አስቀመጠው። ሬይና ያን ቀን አልቀለደችም፤ አጠገቡ ተቀምጣ አለቀሰች።

በጋ ሲገባ ጉንዳን ቤቱን ወረረው። ሬይና ጥግ ላይ የረሳቻትን ቁራሽ ስኳር ፍለጋ በመስኮቱ ይሰለፋሉ። ጣዎሱ እግር ሥር ሲደርሱ ዞር ብለው ያልፋሉ፤ አንዱ እንኳ ቆሞ አልቀመሰውም። ኒሲም ከጠዋት ጀምሮ ሲያያቸው ዋለ።

«ሬይና፣» አለ በመጨረሻ፣ «እስቲ መዶሻውን አቀብይኝ።»